በሥዕል ቀን የጠቆምሁት ሰው

ይህን ነገር ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ ስናዘዝ እንኳ ዳር ዳሩን ሄጄ፣ «በምላሴ ሰው በድያለሁ» ብዬ፣ የታዘዘልኝን ሰግጄ ወጥቻለሁ። ምላሴ ምን እንዳለ፣ ከዚያ በፊት ደግሞ ዓይኔ ምን እንዳየ፣ አልተናገርሁም። አሁን አርጅቻለሁ። ዳር ዳሩን የምሄድበት ጉልበት አልቋል። አንተ የምታነበው ሆይ፣ አድምጠኝ እንጂ ቶሎ አትዘንልኝ።

አስቀድሜ ሰዎቹን በየስማቸው ልጥራ። ስም ሳልጠራ ባወራልህ እንደገና መደበቅ ይሆንብኛል።

አለቃ ተክሌ፣ የደብራችንን ግድግዳ የሣሉት፣ ጌታዬ ናቸው፤ ይህ ሁሉ ሳይመጣ ዐርፈዋል። እትዬ ስንዱ ሚስታቸው ናቸው፤ ጎረምሳ ሆኜ ለአለቃ ቀለም ስፈጭ ያበሉኝ፣ ስታመም ያስታመሙኝ። ፈንታሁን የሁለቱ አንድ ልጅ ነው፤ ዲያቆን ነበር። ጥሩነሽ ሚስቴ ናት። የሺ የመጀመሪያ ልጄ ናት። አንድ ሹም አለ፤ የእርሱን ስም አልጽፍም፤ ልጆቹ በሕይወት አሉ፤ እነርሱ ያደረጉት ነገር የለም። የመጨረሻው እኔ ነኝ፣ አባተ። ጠቋሚው እኔ ነኝ።

ፊደል ያስቆጠረኝ ሰው የለም። ንባብን ያገኘሁት ከግድግዳ ላይ ነው። አለቃ ከየሥዕሉ ሥር የቅዱሱን ስም ይጽፉ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከእግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ ቀለም እፈጭ ነበር። ሚካኤል የሚለውን ከሚካኤል ሰይፍ ሥር፣ ማርያም የሚለውን ከማርያም ቀሚስ ሥር እያየሁ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ለየኋቸው። በኋላ ዳዊት ደገምሁ። ራሱን ያስተማረ ሰው አንድ ክፉ በሽታ አለበት፤ ያወቃትን ጥቂት ነገር ለፍቶ ስላገኛት፣ ዓለሙ ሁሉ በእርሷ የሚለካ ይመስለዋል። እኔ በዚህ በሽታ የተያዝሁ ሰው ነበርሁ። ልጆቼን በዳዊትና በአለንጋ አሳደግሁ። ሰው ሲሳሳት አርማለሁ፤ ቄሱ ሲሳሳት እንኳ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ።

አለቃ ካስተማሩኝ ሁሉ የማልረሳው አንድ ሕግ አለ። ጻድቅ ሲሣል ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሮ በሁለት ዓይኖቹ ያያል። ኃጥእ ሲሣል በጎን ነው፤ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። በደብራችን ግድግዳ ላይ ይሁዳ አንድ ዓይን ነው ያለው። ጌታን የሚገርፉትም አንድ አንድ ዓይን ነው ያላቸው። ፊደል የማያውቅ ምእመን ማን መልካም፣ ማን ክፉ እንደሆነ የሚለየው በዚህ ነው። አለቃ ንድፋቸውን አስቀምጠው ቀለም እንድሞላ ሲተዉልኝ፣ «አደራ አባተ፣ ዓይን እንዳትሳሳት» ይሉኝ ነበር። «ቀሚስ ብትሳሳት ይታረማል። ዓይን ብትሳሳት ሰው ኮነንህ ማለት ነው።»

ከዚያ ክፉ ቀን መጣ። በልጉም መኸሩም ቀረ። ከብቱ አለቀ። ሰው የእርዳታ እህል ይታደላል ሲባል ወደ መካነ ሰላም ይጎርፍ ጀመር። እህሉን የሚያድለው ያ ስሙን የማልጽፈው ሰው ነበር። በቆርቆሮ እየሰፈረ ይሰጣል፤ ከሚሰጠው የሚያስቀረው እንደሚበልጥ አገር ያውቃል።

እኔ ከምድጃዬ ኋላ ከወለሉ ሥር ገብስ ቀብሬ ነበር። ብዙ አልነበረም፤ ግን ነበረ። አንድ ጠዋት እትዬ ስንዱ ባዶ ስልቻ ይዘው መጡ። ከደጃፌ ላይ የተሰነጠቀ ድንጋይ አለ፤ እርሱ ላይ ቆሙ እንጂ ወደ ውስጥ አልገቡም። ፈንታሁን በዚያን ጊዜ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ቅኔ ቤት ነበር፤ ሌላ ሰው አልነበራቸውም።

«አባተ ልጄ፣ ለአፌ ያህል» አሉኝ።

«የለም እትዬ» አልሁ።

ጥሩነሽ ከኋላዬ ቆማለች። እጇ ዱቄት ነበረበት። ቶሎ ብላ በነጠላዋ ሸፈነችው። እትዬ አዩት። አይተው ሲያበቁ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ሄዱ። ምን ሰጠሁና ነው እግዜር የሚሰጥልኝ? የሺ ከጓዳ ሆና ሁሉንም ታይ ነበር።

«ልጆች ነበሩኝ» እንደማልልህ ልብ በል። ልጆች የነበሩት ሰው ሁሉ እንደ እኔ አላደረገም። ከአጥራችን ማዶ የነበሩት ሰይድ ከእኔ የበለጡ ልጆች ነበሯቸው፤ የቀረቻቸውን ባቄላ ቆልተው «ሰደቃ ነው» እያሉ ለመንገደኛ በእፍኝ ይሰጡ ነበር። እኔ ይህን በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ። አይቼ ገብሱን የበለጠ ወደ ታች ቀበርሁት።

እትዬ ስንዱ መካነ ሰላም መጠለያ ገቡ። ፈንታሁን ወሬ ሰምቶ ሲደርስ በሕይወት ነበሩ፤ ጥቂት ሰነባብተው በእጁ ላይ ሞቱ። ከመሞታቸው በፊት ምን እንደነገሩት አላውቅም ነበር። ይህ አለማወቅ በላኝ። በቅዳሴ ሲያገለግል ዓይን ዓይኑን አየዋለሁ። እርሱ ግን ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሽ አባተ፣ እንዴት ሰነበቱ?» ይለኛል። ምነው በሰደበኝ! ሰላምታው ሁሉ ክስ ይሆንብኝ ነበር።

ንጉሡ ወረዱ። መሬት ለአራሹ ተባለ። ከአዲስ አበባ የዘመቱ ተማሪዎች መጥተው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሰፈሩ። ከመካከላቸው አንዱ ሻንጣ ሙሉ የሥዕል መጽሔት ይዞ ነበር። የፈረንጅ ነው። ገጹ በመስኮት በመስኮት ተከፋፍሎ ታሪኩ በሥዕል ይሄዳል፤ ሰው ሲናገር ከራሱ በላይ ነጭ ደመና ይወጣና ቃሉ በደመናው ውስጥ ይጻፋል። ቋንቋውን ማንም አያውቀውም፤ ልጆቹ ግን ያነቡታል። ከፋሲካ በኋላ በነበረው ቅዳሜ ተማሪው መጽሔቶቹን በገመድ ላይ ሰቀለና «የሥዕል ቀን ነው» አለ። የመጡት ጥቂት ልጆች ነበሩ።

በሁለተኛው ዓመት ልጆቹ የራሳቸውን ይዘው መጡ። ወረቀት ከየት አገኙ? የእርዳታ ዱቄት የመጣበትን የወረቀት ከረጢት እየቀደዱ በውስጠኛው ገጽ ላይ ሣሉ። ዘመቻው አልቆ ተማሪዎቹ ሲሄዱ ቀኑን ፈንታሁን ያዘው። የአባቱ እጅ ወርዶለታል። በሦስተኛው ዓመት የገበያውን ግማሽ የሚያህል ሰው ተሰበሰበ፤ ከማሻ፣ ከመቅደላ ሥር ካሉ ቀበሌዎች ሳይቀር ልጆች ስንቅ ይዘው በእግር መጡ።

የሺ በዚህ ነገር የታመመች ልጅ ነበረች። ውኃ ቀድታ ስትመለስ በከሰል ድንጋይ ላይ ትሥላለች፤ እንስራው ደጅ ቆሞ ይውላል። የፈንታሁንን ታሪኮች ሰው በሰሙነ ሕማማት ግብረ ሕማማት እንደሚከታተል ትከታተላቸው ነበር። በዚያ ዓመት «ባዶ ስልቻ» የሚባለው ታሪኩ መጨረሻው ይሰቀላል ተብሎ ነበርና ካልሄድሁ ብላ እህል አልበላ አለች።

«ሥዕል ለቅዱሳን ነው» አልኋት።

«እኔም ቅዱስ ነው የሣልሁት፣ አባዬ።»

«ማንን?»

«አህያችንን።»

«አህያ ቅዱስ ነው?»

«ጌታን ተሸክሞ የለም እንዴ? አንቱ የተሸከሙት ማንን ነው?»

ጥሩነሽ ሳቋን መያዝ አቅቷት ወደ ጓዳ ገባች። እኔ አልሳቅሁም። ብቻዋን አልሰዳትም ብዬ፣ ለመጠበቅም ለመገሠጽም፣ አብሬያት ሄድሁ። የሣለችውን ጠቅልላ በነጠላዋ ሥር ይዛዋለች። መንገዱን ሁሉ ከፊቴ ሮጣ ሮጣ ቆማ ትጠብቀኛለች። ልጄን እንደዚያ ደስ ብሏት ከዚያ በፊት አላየኋትም። ከዚያ በኋላም አላየኋትም።

ከትምህርት ቤቱ በር ስንደርስ እውነቱን ልንገርህ፣ ደነገጥሁ። ከበሩ እስከ ባሕር ዛፎቹ ድረስ ገመድ ተወጥሯል፤ በገመዱ ላይ ወረቀት እንደ ታጠበ ልብስ ተሰጥቷል። ልጆቹ የሚወዱትን ሰው መስለው መጥተዋል። አንዷ የዶሮ ላባ በጀርባዋ ሰፍታ መልአክ ሆናለች። አንዱ የበግ ጠጉር ሹሩባ አድርጎ፣ የተሰበረ የጋን አንገት በገመድ እየጎተተ፣ የመቅደላው ንጉሥ ከመድፉ ጋር ነኝ ይላል።

«ጃንሆይ፣ ሹሩባዎ ወለቀ!» ይሉታል ከኋላው።

«ምን አገባችሁ? ሞቻለሁ እኮ!» ይላል እያነሣ።

አንዱ ደግሞ ነጭ ወረቀት በደመና ቅርጽ ቆርጦ በዘንግ ጫፍ ሰክቶ ከራሱ በላይ ይዟል። ሰው ሲያነጋግረው አይመልስም፤ ደመናውን ያወርድና በከሰል ጽፎ መልሶ ያነሣዋል። እኔ ሳልፍ «ራበኝ» የሚል ነበር የተጻፈበት። ከግድግዳው ጥግ ልጆች ወረቀት ይለዋወጣሉ።

«ሁለት ፈረስ ልስጥህና አንድ አንበሳ ስጠኝ።»

«ፈረስህ አምስት እግር አለው፣ አንተ!»

«እየሮጠ ነዋ! ሲሮጥ ይበዛል።»

የሺ አህያዋን ሰቀለች፤ ልጆች ከበቧት፤ አንዲት የማሻ ልጅ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ፈንታሁንም ከሩቅ አይቶን ራሱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሣኝ። ያን ጊዜ ይዣት ብመለስ ኖሮ!

ግን «ባዶ ስልቻ»ን ልይ ብዬ ገመዱን ተከትዬ ሄድሁ። የመጀመሪያው ወረቀት ላይ አንዲት ሴት ባዶ ስልቻ ይዛ ከቤቷ ትወጣለች። ቀጥሎ ባለው ላይ አንድ ሰው በእህል መጋዘን በር ላይ ቆርቆሮ ይዞ ቆሟል፤ ከራሱ በላይ ባለው ደመና «ነገ ነይ» ይላል። ያ ሹም መሆኑን ለማወቅ ኮፍያውን ማየት ይበቃል። ሦስተኛው ወረቀት ላይ ስደርስ ቆምሁ። ሴቲቱ የተሰነጠቀ ድንጋይ ላይ ቆማለች። ድንጋዩ የእኔ ነው። በሩ የእኔ ነው። ከበሩ ውስጥ ያለው ሰው በጎን ተሥሏል፤ አንድ ዓይን። ከራሱ በላይ «የለም እትዬ» ይላል።

ሰው ሁሉ የሚያየኝ መሰለኝ። ከአጠገቤ አንዲት እናት ለልጇ፣ «አይ ጨካኝ! ወዲያ!» ስትል ሰማሁ፤ የምትለው ለወረቀቱ ነው፤ እኔ ከጎኗ ቆሜያለሁ። የሺ ደግሞ ከገመዱ ጫፍ ሆና በሁለት እጇ እየጠራች፣ «አባዬ ይምጡ! ይምጡና መጨረሻውን ይዩ!» ትለኛለች። እርሷ ናት የነገረችው አልሁ በልቤ። ከጓዳ ሆና ያየችውን እርሷ ናት የሰጠችው። እየሳቀች ልታሳየኝ ትጠራኛለች! ጀርባዬን ሰጥቻት በበሩ ወጣሁ።

በቀጥታ ወደ ሹሙ ጽሕፈት ቤት ሄድሁ። ያ እህል አዳይ አብዮቱ ሲመጣ ቶሎ ብሎ ልብሱን ቀይሮ የገበሬ ማኅበሩ የበላይ ሆኖ ነበር። ጊዜው ሰው ከሰው ጋር ሲነጋገር ዞር ዞር ብሎ የሚያይበት ጊዜ ነው፤ በከተማው የታሠሩ ነበሩ፣ ታሥረው ያልተመለሱም ነበሩ። ይህን አውቃለሁ። ይህን እያወቅሁ በሩን አንኳኳሁ።

«ጓድ፣ የልጆቹን ሥዕል አይተውታል?» አልሁት።

ሳቀ። «አይቻለሁ። እኔንም ሥለውኛል አሉ። ኮፍያዬን አሳምረውታል።»

ደስ ብሎት ነበር። ልብ በል፤ ደስ ብሎት ነበር! ሰውየው የከተማ ሰው ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሞ አያውቅም። እዚያ ላይ ዝም ብል ነገሩ ሁሉ በሳቅ ያልቅ ነበር።

«አልገባዎትም» አልሁ። «በስንት ዓይን እንደሣሉዎት አይተዋል?»

«ምን ማለት ነው?»

አስረዳሁት። የጻድቁን ሁለት ዓይን፣ የኃጥኡን አንድ ዓይን ነገርሁት። የይሁዳን ነገርሁት። የገራፊዎቹን ነገርሁት። እኔ እየነገርሁት ከፊቱ ላይ ሳቁ ሲሄድ አየሁ።

«ስለዚህ ይሁዳ ነህ ነው የሚለኝ?»

«እኔ አላልሁም። ሥዕሉ ነው ያለው።»

«አንተ ይህን ከየት አወቅህ?»

«ቀለሙን የፈጨሁት እኔ ነኝ» አልሁ። ይህን ስል ደረቴን ነፋሁ። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይህ ነው። በዚያች ሰዓት፣ ሰው እየሸጥሁ፣ ዕውቀቴን የሚጠይቀኝ ባለሥልጣን በማግኘቴ ኮራሁ። ራሱን ያስተማረ ገበሬ፣ ለመንግሥት አስተማሪ ሆንሁ!

ስለ ሦስተኛው ወረቀት ግን አንድ ቃል አልተነፈስሁም።

ከጽሕፈት ቤቱ ብዙ ሳልርቅ ታጣቂዎቹ አልፈውኝ ትምህርት ቤቱ ደረሱ። ገመዱን በጠሱት። ወረቀቱን ሁሉ፣ መላእክቱን፣ ባለ አምስት እግሩን ፈረስ፣ የየሺን አህያ፣ በአንድ ላይ ሰብስበው ለኮሱት። ልጆቹ በየአጥሩ ዘለሉ። ፈንታሁን አልሮጠም። ሲያስሩት ቆመ።

በማግስቱ በጭነት መኪና ወደ ደሴ ሲወስዱት መንገድ ዳር ቆሜ ነበር። ለምን ሄድሁ? አላውቅም። ከመኪናው እንጨት በላይ አሻግሮ አየኝና በታሰረ እጁ ሰላም ሊለኝ ሞከረ።

«ጋሽ አባተ፣ አብሽሩ! በስሕተት ነው፤ ይለቁኛል። የሺንም አብሽሪ ይበሉልኝ» አለኝ።

እርሱ እኔን አጽናናኝ። አልለቀቁትም። ሬሳውም አልመጣ፤ የት እንደወደቀ የሚነግረንም አላገኘን። ተዝካሩን ያወጣንለት በስሙ ብቻ ነው።

ሹሙ ነገሩን በሆዱ አልያዘልኝም። በስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ «የራሳችሁ ሰው፣ ቀለም ፈጪው አባተ፣ የአድኃሪውን ምስጢር ፈታልን» ብሎ አጨበጨበልኝ። ሕዝቡ ከእርሱ ጋር ማጨብጨብ ነበረበት፤ አጨበጨበ። የሺ ከሴቶቹ መካከል ነበረች። አላጨበጨበችም።

ቤት ስገባ ጠበቀችኝ። ከተወለደች ጀምሮ አንቱ ከማለት ሌላ ጠርታኝ አታውቅም።

«አንተ ነህ?» አለችኝ።

አለንጋዬ ከግድግዳው ላይ ነበር። እጄ ወደዚያ አልሄደም። «ሠዓሊው ነው ያጠፋው» አልሁ። «ሹሙንም፣ ሌላውንም ሰው፣ በአንድ ዓይን ሥሎ ኮነነ። እኔ ሕጉን ነው የተናገርሁት።»

«የምን ሕግ?» አለች። «በደመናው ታሪክ ውስጥ የሚናገር ሰው ሁሉ በጎን ነው የሚሣለው! ከሌላው ሰው ጋር እየተነጋገረ እንዴት ወደ አንተ ይይ? ሹሙ በጎን ነው። በር ላይ ያለው ሰውዬ በጎን ነው። እትዬ ስንዱስ? እናቱስ? እናቱንም እኮ በአንድ ዓይን ነው የሣላቸው!»

ከምድጃው አጠገብ ተቀመጥሁ።

«መጨረሻውን አላየህም» አለች። ማልቀስ ጀመረች። «ጠራሁህ እኮ። ቀጥሎ ያለው ወረቀት ላይ ሰውየው ተጸጽቶ ይወጣል። ሮጦ ይደርስባታል። ስልቻዋን ይሞላላታል። እናቱ እንደዚያ ብለው ነው የነገሩት። 'መጀመሪያ የለም አለኝ፣ ኋላ ልቡ እንቢ አለውና ተከትሎኝ ሰጠኝ' ብለውታል። እርሱም አንተን ሊያመሰግን ነው የሣለው። እኔ እውነቱን እያወቅሁ ዝም አልሁት። ደስ አለኝ። አባቴ በወረቀት ላይ እንኳ ሰጠ ብዬ ደስ አለኝ!»

ይህ እውነት ይሁን አይሁን ላረጋግጥ አልችልም፤ ወረቀቱ ተቃጥሏል። ልታሳምመኝ ፈልጋ ከራሷ ፈጥራው ይሆን ብዬ ብዙ ዘመን አስቤያለሁ። ግን እትዬ ስንዱን አውቃቸዋለሁ። የጥሩነሽን ዱቄት አይተው «እግዜር ይስጥልኝ» ያሉ ሴት፣ ሊሞቱ ሲሉ ልጃቸው ጠላት ይዞ እንዳይቀር እንዲህ ቢሉ አይገርመኝም።

የሺ በዚያው ሰሞን ወደ ደሴ ሄደች። ፈንታሁንን ልትጠይቅ ነው የሄደችው፤ አላሳዩአትም። እርሷም አልተመለሰች።

ዓመታት አለፉ። ሹሙም መንግሥቱም ሄደ። የደብራችን ሽማግሌዎች ስለ እኔ ተቀመጡ። ፊቴ ላይ ይተፉብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እነርሱ ግን፣ «ባለማወቅ ነው» አሉ። «የግድግዳውን ሕግ በወረቀት ላይ ፈለገ። የፈረንጁን አሣሣል የት ያውቃል? ከመካከላችን ማንኛችንም ብንሆን እንዲሁ እናነበው ነበር።» ቄሱም፣ ባለማወቅ የሠሩት ይሠረያል አሉኝ። በማኅበሩ መቀመጫዬን መለሱልኝ። እኔም ተቀመጥሁ። እንጀራቸውን በላሁ፤ ጠላቸውን ጠጣሁ። ይህን ሁሉ ዘመን በአለማወቅ ስም በላሁ፣ ጠጣሁ።

ያልተነገረው ይህ ነው፤ አውቅ ነበር።

ሦስተኛው ወረቀት ፊት ቆሜ ሳለሁ በበሩ ያለውን ሰው ብቻ አይደለም ያየሁት። ሴቲቱንም አይቻለሁ። እትዬ ስንዱን ነው፤ አፍንጫቸውን፣ የአገጫቸውን ንቅሳት ሳይቀር አስመስሏቸዋል። በጎን ነበሩ። አንድ ዓይን። እኔ ዓይን እንዳልሳሳት የተማርሁ ሰው ነኝ፤ ዓይን ሳላይ አላልፍም። እናቱን ከኃጥኣን ጋር የሚሥል ልጅ በየት አገር አለ? በእጁ ላይ የሞተችውን እናቱን? ይህን ለመረዳት መጽሔት ማንበብ አያስፈልግም፤ ፊደልም አያስፈልግም። እዚያው ቆሜ፣ የአለቃ ሕግ በዚህ ወረቀት ላይ እንደማይሠራ ገባኝ። የሺ ሳትጠራኝ ገባኝ። ከበሩ ሳልወጣ ገባኝ። ገብቶኝ ሄድሁ። ገብቶኝ አንኳኳሁ። ለሹሙ ሕጉን ሳስረዳ እየዋሸሁ መሆኔን አውቅ ነበር።

ታዲያ ለምን? ደጃፉ የእኔ ስለነበረ። ከሰዓት በኋላ ገበያተኛው ሁሉ መጥቶ ያንን ድንጋይ ሳያውቀው በፊት ወረቀቱ ከገመድ እንዲወርድ ፈለግሁ። የፈንታሁንን ሞት አልፈለግሁም። ግን በዚያ ዘመን ለሹም «ይሁዳ ብሎሃል» የሚል ሰው፣ ሰውየው በተግሣጽ ያልፋል ብሎ ያምናል? አላመንሁም። አላሰብሁበትም ብል ይቀለኝ ነበር፤ አስቤበታለሁ። ከትምህርት ቤቱ እስከ ጽሕፈት ቤቱ ያለው መንገድ ለማሰብ ይበቃል።

እንግዲህ ያስከፈለውን ልደምረው።

ፈንታሁን ሕይወቱን ከፈለ፤ ሚስት ሳያገባ፣ ልጅ ሳይወልድ። በእርሱ የአለቃ ተክሌ ቤት ተዘጋ። ደብሩ ሠዓሊ አጣ፤ ዝናብ የላጠውን ግድግዳ የሚመልስ እጅ ከዚያ ወዲህ አልመጣም። የሥዕል ቀን ዳግመኛ አልተደረገም፤ ከማሻ ስንቅ ይዘው የመጡት ልጆች ወረቀት ሲያዩ የሚፈሩ ሰዎች ሆኑ። ሹሙ እስከዚያ ቀን ሌባ ብቻ ነበር፤ ነፍሰ ገዳይ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ኋላም እንደ እርሱ ያሉት መጥተው ወሰዱት። ጥሩነሽ ልጇን ሳታይ ሞተች፤ እስክትሞት አብራኝ ኖረች፣ ምግቤን አቀረበች፣ ልብሴን አጠበች፤ ስለዚያ ቀን ግን አንድም ቃል ሳትናገረኝ ሄደች።

የሺ ደሴ አለች። ወልዳለች አሉኝ። ባለፈው አንድ የአገራችን ነጋዴ አግኝቷት ስለ እኔ ቢጠይቃት፣ «አባቴ በክፉው ቀን ነው የሞተው፣ በረሃቡ ጊዜ» አለችው። ሰውየው ይህን ሲነግረኝ ተቆጥቶ ነበር፤ «ሽማግሌ እንላክባት፣ አባት በቁሙ ይካዳል?» አለኝ።

ማንንም አትላኩባት አልሁት። እውነቷን ነው።